የትሪያትሎን ብስክሌት የኋላ ፍሬንና የጎማ ክፍተት፦ ከቸርኬው ጀምሮ የማስተካከያ መመሪያ

የትሪያትሎን ብስክሌት የኋላ ፍሬን አልይዝ ሲል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናደርገው ካቦውን ማጥበቅ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር፤ ካቦውን ባጠበቅሁ ቁጥር የፍሬኑ እጀታ ለጥቂት ቀናት ይጠነክርና ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ እስከ መሪው ድረስ ይወርዳል፤ ጎማው ደግሞ ዳገት ላይ ቆሜ ስገፋ ቴላዮውን (የብስክሌቱን ዋና አካል) ይፍቃል። ከብዙ ድካም በኋላ የተረዳሁት የፍሬኑ መድከምና የጎማው ቦታ ማጣት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሥር የሚነሡ መሆናቸውን ነው። ቸርኬው (ጎማው የሚለብስበት ክብ ከነሽቦዎቹ) በቴላዮው ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ ካልተስተካከለ ፍሬኑ ሊስተካከል አይችልም። ስለዚህ ሥራው ከቸርኬው ይጀምራል፣ ወደ ፍሬኑ አካል ያልፋል፣ ካቦው የሚነካው በመጨረሻ ነው። እዚህ የጻፍኩት ቸርኬውን ከሁለት ጎን ጨብጦ ለሚያቆም በካቦ ለሚሠራ ፍሬን ነው፤ የዲስክ ፍሬን ያላቸው አዳዲስ ብስክሌቶች ሌላ አሠራር አላቸው።

ብስክሌቱ ለምን እንዲህ እንደሚያስቸግር ማወቅ ሥራውን ያቀልላል። ብዙ የትሪያትሎን ብስክሌት ሠሪዎች ነፋስ እንዳይመታው ሲሉ የኋላውን ፍሬን ከተለመደው ቦታው፣ ከወንበሩ ሥር፣ አንሥተው ከፔዳሉ ምሶሶ በታች ደብቀውታል። በነፋስ በኩል ጥቅም አለው። ነገር ግን ከጎማዎቹ የሚረጨው ውኃና ጭቃ ሁሉ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው፤ ለመፍታትም ለማጽዳትም እጅ አያስገባም፤ ካቦውም ከመሪው ጫፍ ተነሥቶ በመሪውና በቴላዮው ሆድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ታጥፎ ነው እዚያ የሚደርሰው። ጅማ ከአምስት ወር በላይ ዝናብ የሚዘንብበት፣ ቀዩ አፈርም ሲርስ እንደ ሊጥ የሚለጠፍበት አገር በመሆኑ፣ በደረቅ አገር ለዓመታት ምንም የማይለው ይህ አሠራር እኛ ዘንድ በአንድ ክረምት ይታነቃል። የጎማው ክፍተትም እንዲሁ ነው። 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት በንጹሕ አስፋልት ላይ ሊበቃ ይችላል፤ ከአጋሮ መንገድ ወደ ሰፈር ውስጥ ታጥፈው 200 ሜትር ጭቃ ላይ ከሄዱ ግን በጎማው የተጣበቀው አፈርና ጠጠር ያችን ክፍተት ሞልቶ ቴላዮውን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ምንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት ሦስት ሙከራዎችን ያድርጉ፤ ጥፋቱ የት እንዳለ የሚነግሩት እነዚህ ናቸው። በመጀመሪያ የካቦውን ማሰሪያ ብሎን ከፍሬኑ ላይ አላልተው፣ የካቦውን ጫፍ በፒንሳ ይዘው፣ እጀታውን ሌላ ሰው እየሳበ እየለቀቀ ካቦው በሽፋኑ ውስጥ እንዴት እንደሚንሸራተት በእጅዎ ይስሙ። እየፋቀ ወይም እየተንተባተበ የሚሄድ ከሆነ ካቦው ወይም መንገዱ ተበላሽቷል። ሁለተኛ፣ ካቦው እንደተፈታ የፍሬኑን ሁለት ክንዶች በእጅዎ ጨብጠው ይልቀቁ፤ ወዲያውኑ ተስፈንጥረው ካልተከፈቱ ጭቃው ወይም ዝገቱ መገጣጠሚያቸው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ካቦውን መልሰው ካሰሩ በኋላ እጀታውን በኃይል ስበው ይያዙና ሌላ ሰው ከታች ሆኖ እንዲመለከት ያድርጉ። ቸርኬውን ጨብጠው የሚያቆሙት የፍሬኑ ላስቲኮች ቸርኬውን ከነኩ በኋላም እጀታው መውረዱን ከቀጠለ ኃይልዎን እየበላ ያለው የሚኮማተረው የካቦ ሽፋን ወይም የሚታጠፈው የፍሬን ክንድ ነው። እጀታው ጠንካራ ሆኖ ብስክሌቱ የማይቆም ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ በላስቲኩና በቸርኬው መካከል ነው።

አሁን ወደ ቸርኬው እንመለስ። ቬርኔር (የወርድ መለኪያ) ካለዎት ጎማውን ነፍተው የሰፋበትን ወርድ ይለኩ፤ ጎማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይመኑ። 25 ተብሎ የተጻፈበት ጎማ ሰፊ ቸርኬ ላይ ሲገባ 27 ወይም 28 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ በግምት የቸርኬው የውስጥ ወርድ በ1 ሚሊ ሜትር በጨመረ ቁጥር ጎማው 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። አዲስ ጎማ ደግሞ ከተነፋ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ስለሚለጠጥ ልኬቱን በማግስቱ ይድገሙት። ክፍተቱን ለመለካት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ባለ 4 ሚሊ ሜትሩ የብሩጎላ ቁልፍ በቂ ነው። ቁልፉን ከጎማው ግራና ቀኝ፣ ከፔዳሉ ምሶሶ ወደ ኋላ በሚሄዱት ሁለት ክንዶች በኩል ያስገቡት። ቀጥለው ከጎማው ፊት፣ ቴላዮው ለጎማው ተብሎ በተጎደጎደበት በወንበሩ ቧንቧ በኩል፣ በመጨረሻም በጎማውና በፍሬኑ አካል መካከል ያስገቡት። በአራቱም ቦታ ሳይገፋ ካለፈ ለጅማ መንገድ ይበቃል። 3 ሚሊ ሜትሩ ብቻ ከገባ በበጋ መንዳት ይቻላል፤ በክረምት ግን አልመክርም። ከዚያ በታች ከሆነ ብስክሌቱን በእኛ መንገድ አይንዱት።

ክፍተቱ በአንድ ጎን ብቻ ከጠበበ ጎማውን ከመቀየርዎ በፊት ምክንያቱን ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ ቸርኬው ቀጥ ብሎ አልገባም። ብስክሌቱን በጎማዎቹ መሬት ላይ አቁመው፣ የመሀሉን መቆለፊያ አላልተው፣ ወንበሩን ወደ ታች ጫን እያሉ መልሰው ይቆልፉ። ካልተስተካከለ ቸርኬውን አውጥተው ግራውን ወደ ቀኝ ገልብጠው ያስገቡት፤ ይህን የሚያደርጉት ካሴቱ (የኋላው የማርሽ ጥርሶች) ቴላዮውን የማይነካ ከሆነ ብቻ ነው። ሲገለበጥ ጥበቱ ወደ ሌላኛው ጎን ከተሻገረ ቸርኬው ራሱ ከመሀል ወጥቷል፣ ስለዚህ ሽቦዎቹን ማስወጠር ያስፈልጋል። ጥበቱ እዚያው ጎን ከቀረ ግን ቴላዮው ተጣሟል ወይም የቸርኬው ምሶሶ መግቢያ በቀለም ወይም በጭቃ ተደፍኗል፤ መግቢያውን አጽድተው እንደገና ይሞክሩ። የቸርኬውን መወላገድም አይርሱ፤ በአንድ ዙር ውስጥ 1 ሚሊ ሜትር ግራ ቀኝ የሚል ቸርኬ ከክፍተቱም ከፍሬኑም ያንኑ 1 ሚሊ ሜትር ይወስዳል። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣውን ዳገት ከወንበር ተነሥተው ሲወጡ ብቻ የሚፍቅ ጎማ ካለዎት፣ ብስክሌቱ ቆሞ ሲለካ ምንም ጉድለት ላይታይበት ይችላል። ስለዚህ ቴላዮውን በአንድ እጅ ይዘው የጎማውን ጫፍ በሌላኛው ወደ ጎን ገፋ ያድርጉት፤ ሽቦዎቹ ከላሉ ቸርኬው ሲታጠፍ ያዩታል።

የብዙ ትሪያትሎን ብስክሌቶች የኋላ ምሶሶ መግቢያ ወደ ኋላ የተከፈተ ነው፤ በውስጡም ቸርኬው ምን ያህል ወደ ፊት እንደሚገባ የሚወስኑ ሁለት ትናንሽ ብሎኖች አሉ። ጎማው የወንበሩን ቧንቧ የሚነካ ከሆነ መፍትሔው እነዚህ ብሎኖች ናቸው። ሁለቱንም እኩል ዙር፣ ግማሽ ግማሽ እያሉ፣ ያስገቡና ቸርኬውን ወደ ኋላ ያምጡት። እዚህ ላይ አንባቢ በጣም እንዲጠነቀቅ እፈልጋለሁ። ፍሬኑ ከፔዳሉ ምሶሶ ሥር በመሆኑ ቸርኬውን ወደ ኋላ ባመጡት መጠን የፍሬኑ ላስቲክ ከቸርኬው ወጥቶ ወደ ጎማው ይጠጋል፤ ወደ ፊት ካስገቡት ደግሞ ወደ ሽቦዎቹ ይወርዳል። ጎማ የሚነካ ላስቲክ የጎማውን ጎን በአንድ ረጅም ቁልቁለት ሊቀድደው ይችላል። ቸርኬውን በቅድሚያ ማስተካከል ያለብን ለዚህ ነው፤ ፍሬኑን አስቀድሞ ያስተካከለ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል፣ ሁለተኛውን ካላስተዋለ ደግሞ ይወድቃል። ቸርኬውን የሚቆልፈው መቆለፊያም የብረት ምሶሶ ያለውና ጠንካራው ዓይነት ይሁን፤ ካቴናው የቀኙን ጎን ወደ ፊት ስለሚስበው ቀላሉ ዓይነት በዳገት ላይ ሊያንሸራትተው ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ክፍተቱ ካልተገኘ ጠባብ ጎማ ከኋላ ያድርጉ። የፊተኛው ሹካ ብዙ ጊዜ ሰፋ ያለ ቦታ ስላለው ከፊት 25፣ ከኋላ 23 አድርጎ መንዳት ምንም ነውር የለበትም። ቴላዮውን ሞርዶ ቦታ ማስፋት ግን ፈጽሞ የማይደረግ ነገር ነው። ካርቦን ሲሞረድ የሚቆረጠው ብስክሌቱን የሚሸከመው ክር ነው። ቴላዮው ውስጥ በጎማው ፊት ለፊት የሚያብረቀርቅ መስመር ካዩ ክፍተቱ ቀድሞም ጠብቦ እንደነበር ይወቁ፤ ቀለሙ አልቆ ጥቁሩ ክር ከታየ፣ ጥፍርዎም በመስመሩ ውስጥ ከያዘ፣ ብስክሌቱ ካርቦን መጠገን በሚያውቅ ሰው ሳይታይ መንገድ ላይ አይውጣ።

ቸርኬው ቦታውን ከያዘ በኋላ ወደ ፍሬኑ አካል ይለፉ። ቸርኬውን አውጥተው ፍሬኑን ከቴላዮው ይፍቱት፤ ሲፈቱ የእያንዳንዱን ሮንዴላ ቅደም ተከተል በስልክዎ ፎቶ ማንሣት ብዙ ጭቅጭቅ ያድናል። በለብ ባለ ውኃና በሳሙና፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዘው፣ ክንዶቹ ከሚገናኙበት ቦታ ቀዩ አፈር እስኪያልቅ ይጠቡት፤ ካደረቁት በኋላ መገጣጠሚያው ላይ አንድ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ጠብ ያድርጉ፤ የተረፈውን ይጥረጉ። ዘይቱ ላስቲኩን እንዳይነካ ላስቲኮቹን አስቀድመው ያውጧቸው።

ላስቲኮቹን በብርሃን ይመልከቷቸው። ብር የሚመስሉ ነጠብጣቦች ካሉ ከአሉሚኒየም ቸርኬ የተፋቀ ብረት ነው፤ በመርፌ ጫፍ ይንቀሏቸው፤ ፊታቸው ከተወለወለ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ይፈግፍጓቸው። ለካርቦን ቸርኬ የተሠራ ላስቲክ ለብቻው አለ፤ አሉሚኒየም ላይ ያገለገለ ላስቲክ ካርቦን ላይ መግጠም ቸርኬውን ያጠፋል። የቸርኬውን ፍሬን መያዣ ገጽ በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ይጥረጉት። የቀጥታ ማስመሪያ ጠርዝ ሲያስደግፉበት መሀሉ ጎድጉዶ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ቸርኬው ተበልቶ አልቋልና ይቀየር።

አሁን አቅጣጫውን ልብ ይበሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በተለመደው ብስክሌት የኋላ ፍሬን ከላይ ስለሆነ ቸርኬው በላስቲኩ መካከል የሚያልፈው ከኋላ ወደ ፊት ነው። ከፔዳሉ ምሶሶ ሥር በተደበቀው ፍሬን ግን ቸርኬው የሚያልፈው ከላይ ወደ ታች ነው። የላስቲኩ መያዣ አንድ ጫፍ ክፍት፣ አንዱ ዝግ ነው፤ ቸርኬው ላስቲኩን ይዞ እንዳይሄድ ዝጉ ጫፍ ቸርኬው በሚወጣበት በኩል፣ ማለትም ወደ ታች መሆን አለበት። ተገልብጦ ከተገጠመ በመጀመሪያው ብርቱ ፍሬን ላስቲኩ ተስፈንጥሮ ይወጣና ባዶው ብረት ቸርኬውን ይይዛል። መያዣው ላይ ቀስት ካለ ቀስቱ ቸርኬው የሚሽከረከርበትን አቅጣጫ ያመለክታል።

ላስቲኩን ሲያጠብቁ ከላይኛው ጫፉና ከቸርኬው መካከል የኤቲኤም ካርድ ያስገቡ፤ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ያህል በመሆኑ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። እጀታውን ወይም ክንዶቹን ጨብጠው ይዘው ብሎኑን ያጥብቁና ካርዱን ያውጡ፤ እንግዲህ የታችኛው ጫፍ ቀድሞ ይነካል፣ ፍሬኑም አይጮኽም። ላስቲኩ ሙሉ በሙሉ በቸርኬው ገጽ ላይ ማረፉን፣ ከጎማው ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር መራቁን ከሁለቱም ጎን ያረጋግጡ።

ቸርኬዎ ከቀድሞው የሰፋ ከሆነ ሌላ ችግር ይመጣል። የድሮ ቸርኬ በውጭ ወርዱ 19 ወይም 20 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ዛሬ የሚሸጡት ብዙዎቹ 26 እስከ 28 ይደርሳሉ። ለጠባቡ የተሠራው ፍሬን ሰፊውን ሲጨብጥ ክንዶቹ ከልክ በላይ ተከፍተው ስለሚቆሙ የሚስበው ካቦ አቅጣጫው ይበላሻል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ከላስቲኩ ጀርባ ያሉትን ሮንዴላዎች ከሁለቱም ጎን እኩል ይቀንሱ፣ ወይም ቀጠን ያለ ላስቲክ ይግጠሙ። ይህም ካልበቃ ፍሬኑን በግድ ከመለጠጥ ጠባብ ቸርኬ ከኋላ ማድረግ ወይም ለሰፊ ቸርኬ የተሠራ ፍሬን መፈለግ ይሻላል። ፍሬኑን ወደ ቴላዮው ሲመልሱ ቴላዮው ላይ የተጻፈ የማጥበቂያ ልክ ካለ እሱን ይከተሉ፤ በመሀል በአንድ ብሎን በሚገጠሙ የሺማኖ ፍሬኖች ላይ የመግጠሚያው ብሎን ከ8 እስከ 10፣ የካቦ ማሰሪያው ከ6 እስከ 8 ኒውተን ሜትር ነው። የጉልበት መለኪያ ያለው መፍቻ በከተማችን በቀላሉ ስለማይገኝ ካለው ሰው ተውሶ መሥራት ለካርቦን ቴላዮ የግድ ነው እላለሁ።

የቀረው ካቦው ነው፤ ብዙ ጊዜም ትልቁን ጉልበት የሚሰርቀው እሱ ነው። መርካቶ ውስጥ ካቦ ሲገዙ ሁለት ነገር ይለዩ። የፍሬን ካቦ ውፍረቱ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን የማርሽ ካቦ 1.2 ነው፤ ቀጭኑን ለፍሬን አያድርጉ። ሽፋኑም ይለያያል፤ የማርሽ ሽፋን ሽቦዎቹ በቁመቱ የተዘረጉ በመሆናቸው የፍሬን ኃይል ሲያርፍበት ሊፈነዳ ይችላል፣ የፍሬን ሽፋን ግን እንደ ምንጭ የተጠቀለለ ነው። የካቦው ራስም ሁለት ዓይነት ነው፤ የተራራ ብስክሌት ካቦ ራሱ እንደ በርሜል ክብ ነው፣ የትሪያትሎን እጀታ ግን ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው አነስ ያለውን የፒር ፍሬ የሚመስለውን ነው። ራሱ ካልገጠመ አይግዙት።

አሮጌውን ካቦ እንዲሁ መንቀል ትልቅ ስሕተት ነው፤ በቴላዮው ሆድ ውስጥ መንገዱን መልሶ ማግኘት ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ካቦው ገና ሳይወጣ ከታችኛው ጫፍ በኩል ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ በካቦው ላይ እያንሸራተቱ በቴላዮው ውስጥ ያሳልፉ፣ ከዚያ አሮጌውን ካቦ ስበው ያውጡ፤ አዲሱ በቱቦው ውስጥ ራሱ መንገዱን ያገኛል፣ ቱቦውም በኋላ ይወጣል። ቱቦ ከሌለ ከአሮጌው ካቦ ጫፍ ጠንካራ የስፌት ክር አስረው ይሳቡት።

ሽፋኑን ሲቆርጡ ጫፉ ይጨፈለቃል፤ በሞረድ አስተካክለው የውስጡን ቀዳዳ በወስፌ ጫፍ ይክፈቱት፣ መያዣ ቆብም ያልብሱት። ያልተስተካከለ ጫፍ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይጨፈለቃል፤ እኔ በየሳምንቱ ሳጠብቀው የነበረው እጀታ የሚላላው በዚህ ምክንያት ነበር። ለትሪያትሎን መሪ የሽፋኑ እጥፋት ከቡና ሲኒ አፍ የጠበበ መሆን የለበትም፤ ከዚያ የጠበበ ከሆነ ሽፋኑን ትንሽ አርዝመው ሰፋ ባለ መዞሪያ ያሳልፉት፣ መሪውንም ሙሉ በሙሉ ግራና ቀኝ አዙረው እንዳይወጠር ያረጋግጡ። ቦታው በፍጹም ካልፈቀደ ከትናንሽ የአሉሚኒየም ቁርጥራጮች የተሰካካ ሽፋን በጠባብ እጥፋት ላይ ከተራው በጣም ይሻላል። የማይኮማተር ተብሎ የሚሸጠው ጠንካራ ሽፋን ደግሞ ቀጥ ባለው ክፍል ላይ እጀታውን ያጠነክራል፣ በጠባብ እጥፋት ላይ ግን ስለማይታጠፍ አይመከርም። ካቦውን በወፍራም ግሪስ አይሙሉት፤ ከአቧራችን ጋር ተቀላቅሎ ጭቃ ይሆናል።

በሽፋኑ መካከል፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ የካቦ ማጥበቂያ ብሎን ማስገባትን አጥብቄ እመክራለሁ። የትሪያትሎን እጀታና ፍሬን ብዙ ጊዜ ላስቲኩን መክፈቻ ስለሌላቸው የተነፋ ጎማ ከላስቲኮቹ መካከል አይወጣም፤ ይህ ብሎን ሲላላ ግን ይወጣል፣ መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳም ጎማ መቀየር ይቻላል። ካቦውን ሲያስሩ በእያንዳንዱ ጎን በላስቲኩና በቸርኬው መካከል ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይተው። ከዚያ እጀታውን ሃያ ጊዜ ያህል በሙሉ ኃይልዎ ይሳቡ፤ የሽፋኑ ጫፎች ቦታቸውን ይይዛሉ፣ ካቦው ጥቂት ይላላል፣ ያን ጊዜ መልሰው ያጥብቁት።

ሙከራውን በግቢ ውስጥ ይጀምሩ። ብስክሌቱን በእግርዎ እየገፉ የኋላውን ፍሬን ብቻ ሲይዙ ጎማው መቆለፍ አለበት፤ እጀታውም መሪውን ሳይነካ ቢያንስ የሁለት ጣት ቦታ መቅረት አለበት። በትሪያትሎን ብስክሌት አካላችን ወደ ፊት ስለሚደፋ ኋለኛው ጎማ ቀላል ይሆናል፤ ስለዚህ የኋላው ፍሬን እንደ ፊተኛው አያቆምም፣ ቢያቆም እንኳ ጎማው ይንሸራተታል፤ ከእሱ የምንፈልገው በቁልቁለት ላይ ፍጥነትን በእርጋታ መቀነስ ነው። በደረቅ ቀን በሚያውቁት አጭር ቁልቁለት፣ ቀጥሎ ቸርኬውን ውኃ አፍስሰውበት፣ ከዚያም ጅሬን ወጥተው ሲወርዱ ይሞክሩት። 50 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ለምሳሌ አጋሮ ደርሰው፣ ከነዱ በኋላ ባለ 4 ሚሊ ሜትሩን ቁልፍ መልሰው በአራቱም ቦታ ያስገቡት፣ የላስቲኩን ከፍታ ይመልከቱ፣ የካቦ ማሰሪያውንም ያጥብቁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ በዝናብ ከነዱ በኋላ ከፔዳሉ ምሶሶ ሥር አንድ ባልዲ ውኃ ማፍሰስና ሁለቱን ክንዶች በእጅ ጨብጦ መፈተሽ አምስት ደቂቃ አይወስድም፤ ጭቃው ሳይደርቅ ቢደረግ ይሻላል።